ሰቢንግን ስተረጉም

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ
በፊልም ፈንታ በመስታወት ላይ ፎቶ የማንሳት መመሪያውን ከእንግሊዝኛ ተርጉሜ ጨረስኩ። አንድ ቃል ብቻ አስቸገረኝ... ሰቢንግ። መዝገበ ቃላቱ «መተካት» ይላል። ተጫዋች ሲደክም ሌላ ይገባል፤ አስተማሪ ሲቀር ሌላ ያስተምራል። እኔም «መጀመሪያ መስታወቱን ይተኩ» ብዬ ጻፍኩ። ማንን ልጠይቅ? መጠየቅ ደግሞ ሞቴ ነው።

ጥቅምት 9
መመሪያውን ያስተረጎመኝ ፎቶ ቤት ደወለ። መመሪያው ከአባታቸው የቀረላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው ሁሌ ስለሚጣበቅ ሰው ሁሉ ጋሽ ሙጫ ይላቸዋል።
«ልጄ፣ መስታወቱን ተካሁ።»
«ጥሩ ነዋ!»
«አሥራ ሁለቱንም። ከዚያ ብርሃን የሚቀበለውን ፈሳሽ በላዩ አፈሰስኩና ጡረታ የወጡትን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አነሳኋቸው። ምስሉን ሳጥበው አፍንጫቸው ወደ አገጫቸው ወረደ።»
ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም... የት ልግባ?

ጥቅምት 10
ሄድኩ። አልተቆጡም፤ የባሰው እሱ ነው። የተላጠውን ምስል በጣታቸው አንጠልጥለው፦
«ሰቢንግ መተካትም ነው አሉ፤ አልዋሸሽም። እኛ ዘንድ ግን ከሥር የሚቀባው ስስ የጄላቲን ሙጫ ነው። ያለ እሱ ለስላሳ መስታወት ምን ይይዛል?»
«ታዲያ ካወቁ ለምን ተዉት?»
«አባቴ ሁሌ ይቀባ ነበር። እኔም እቀባለሁ። ወረቀትሽ ላይ ሳጣው... የተማረ ሰው ይበልጥ ያውቃል ብዬ ነዋ።»
አርባ ዓመት የሠራ እጅ በእኔ አንድ መስመር ይታዘዝ?

ጥቅምት 11
ለዳይሬክተሯ ማን ይንገራቸው? ጋሽ ሙጫ እኔን አዩ፤ እኔ አምፖሉን። መቼም አምፖል አይናገርም... ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።
«ቀይ እስክሪብቶዬን ትምህርት ቤት ትቼው ወጣሁ፤ ተርፈሻል። ምስሉ እሑድ እዚያው አዳራሽ ይሰቀላል። ቅዳሜ እመጣለሁ። አፍንጫዬን አስይዙልኝ!»

ጥቅምት 14፣ ቅዳሜ
ጄላቲኑን እኔ ቀባሁ።
«ቀጭን አርጊው! ግድግዳ ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ሙጫ።
ደረቀ። ፈሳሹን አፈሰሱ። ዳይሬክተሯ እንደ ድንጋይ ተቀመጡ። ምስሉን አጠቡት... አፍንጫው ቦታው ላይ ቀረ! ዳይሬክተሯ አይተው፣ «ይሄ ሁሉ ለዚህ አፍንጫ?» አሉ። ጋሽ ሙጫ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ጥቅምት 20፣ ዓርብ
«ይተኩ» የሚለውን ሰርዤ «ሥረ ቅብ ይቀቡ» አልኩ። ቃሉን የሰጡኝ ጋሽ ሙጫ ናቸው። ከዚያ መመሪያውን ይዤ አጠገባቸው ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ገጽ ሦስት ላይ፣ «ቆዪ! እኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም» አሉኝ።
ቆየሁ። «ታዲያ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።