ከቴምብሩ ሥር ያለው ቃል

ለመድፈኛው ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ ጉልበቴ ከደረጃ ጋር ከመጣላቱ በቀር፣ ደኅና ነኝ። ኮምፒውተርን የወለደችው ሒሳብ ናት ስል፣ አንተም የለም፣ መድፍ ነው ስትል ሠላሳ ዓመት ስንሟገት፣ የተረታው ረቺውን በሰፈርተኛው ፊት «ጋሼ» ብሎ ሊጠራ መዋዋላችንን፣ እኔም በሁለት ዓመት ታላቅህ መሆኔን አልዘነጋሁም።

ዛሬ በአንድ ሙዚየም፣ የአንተን ቁም ሣጥን የሚያህሉ አርባ ሣጥኖች በሽቦ ተጠላልፈው አዳራሹን ከሞሉበት ጥንታዊ ኮምፒውተር ፊት ቆሜ፣ ለዘጠና ዓመቷ አስጎብኚ፣ «እመቤቴ፣ ይህ መቼም የከዋክብትን ጉዞ ለማስላት የተሠራ ነው» ብላቸው፣ ከት ብለው ሳቁብኝ።

«ኮከብ ላይ የሚተኩስ ካለ! ለመድፍ ነው እንጂ። ጥይቱ የት እንደሚወድቅ ሠላሳ ሴቶች ሆነን በእርሳስ ስናሰላ፣ ጦሩ አልጠብቅም ቢለን ነው ይሄ ግዙፍ የመጣው።»

«ቢሆንም ሒሳብ ነበረበት» አልሁ፣ ድምፄ እየሰለለ።

«ሒሳቡማ እኛ ነበርን፣ ልጄ! ያዘዘን ግን መድፈኛው ነው።»

ፖስት ካርዱ እየጠበበኝ ስለ ሆነ ለባለቤትህና ለልጅ ልጆችህ ናፍቆቴን በጥቅሉ አድርስልኝ። የሰፈራችን ፖስተኛ የሰውን ካርድ ሁሉ በየደጁ ጮክ ብሎ እንደሚያነብ ስለማውቅ፣ የተዋዋልንበትን ቃል ከቴምብሩ ሥር ጽፌዋለሁና፣ ብቻህን ስትሆን በእንፋሎት ቀስ ብለህ ላጠው።

አንተ ፖስተኛ፣ ቴምብሩን እንዳትነካ!