ሮይስ ስለ ራስ ምታቱ ይግባኝ ያለበት ምክንያት

ለውድ እህቴ ለግሌንዳ፣

ለመሆኑ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የአላስካ ብርድ ሲገባ የሚያብጠው ቁርጭምጭሚትሽ ዘንድሮ አዘነልሽ ወይ? ባልሽ ቨርንስ ከጀልባው ወርዶ ቤቱ ገባ ወይስ ዛሬም ባሕር ላይ ነው? እኛ ተመስገን ደህና ነን። ዶሮዎቼን ቀበሮ ጨረሳቸው እንጂ ነብራስካ እንደተውሻት ናት። የጎረቤታችን የሉዌላ ሦስተኛ ባልም ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል፤ እሱን በስልክ አወራሻለሁ፣ በወረቀት አያልቅም።

ዛሬ የምጽፍልሽ የባሌን የሮይስን ነገር ነው። ኢራቅ ሳለ መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ የሚነዳውን መኪና እንዳነሳው ታውቂያለሽ። ደም አልፈሰሰም፣ አጥንት አልተሰበረም፣ ስለዚህ ተነሥቶ መንዳቱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ግን በወር አራት አምስት ጊዜ ግማሽ ጎን ራሱን ቀስፎ ይይዘዋል። ብርሃን እንደ ጩቤ ይወጋዋል፣ ያስመልሰዋል፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በጨለማ ይተኛል። እኔ በበሩ ሥር ፎጣ ወትፌ የግድግዳውን ሰዓት ባትሪ አወጣለሁ። ይህን ሁሉ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኝ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት በስንት ልመና ለጦር ጉዳተኞች አበል አመለከተ። የምርመራው ቀን ጢሙን ተላጨ፣ ሸሚዙን ተኮሰ፣ ጫማውን ወለወለ። ሐኪሟ እንደምን ነህ ስትለው፣ የእኛን አገር ወንዶች ታውቂ የለ፣ እግራቸው ተቆርጦ እንኳ ቢሆን፣ "ደህና ነኝ፣ የሚያማርረኝ ነገር የለም" አላት። እሷም የሰማችውን ጻፈች። መልሱ ሲመጣ ሕመሙ ቀላል ነው ይላል፤ እኔ በእጄ የጻፍኩትን የምስክርነት ቃል ደግሞ "ተአማኒነት የለውም" ብለው በአንድ መስመር ዘግተውታል።

ሮይስ እሷን መስመር አንብቦ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እራት ላይ ነው የተናገረው። "እኔን የፈለጉትን ይበሉኝ፤ ሚስቴን ግን ውሸታም አይሏትም" አለ። እኔ ግድ የለኝም ብለውም አልሰማኝም፤ በማግስቱ ይግባኝ ለማለት ተነሣ።

በወረዳችን ፍርድ ቤት ምድር ቤት ለቀድሞ ወታደሮች ወረቀት የሚያስተካክል ሆሊስ የሚባል ሽማግሌ አለ፣ ራሱም ቬትናም የዘመተ፣ ምላሱ ምላጭ ነው። መዝገቡን አይቶ፣ "አንተ ሰው፣ ተላጭተህ ተኳኩለህ የሄድከው ሐኪሟን ልታገባት ነው እንዴ?" አለው። ከዚያ ራሱን ባመመው ቁጥር እንዲጽፍ አዘዘው። ሮይስ "ለቅሶ መጻፍ አልችልበትም" ብሎ ሰነበተ። በኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከሚጠግንበት ጋራዥ ባዶ የብልሽት መዝገብ ይዞ መጣ። ተሽከርካሪ በሚለው ቦታ የራሱን ስም ጽፏል። "ሮይስ። የቀኝ ፊት መብራት ጠፋ። ከአገልግሎት ውጪ፣ ለዘጠኝ ሰዓት።" ስቄ ስቄ ስጨርስ አለቀስኩ። አሥራ አራት ወር እንዲህ እያለ ሞላው።

ችሎቱ በሆሊስ ቢሮ በስክሪን ነበር። ዳኛዋ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ዛሬ እንደምን አደሩ ስትለው፣ አይገርምሽም፣ "የሚያማርረኝ ነገር የለም" አላት። ሆሊስ በጠረጴዛ ሥር ሲረግጠው ሰማሁ። ዳኛዋም ቀና ብላ፣ "ታዲያ ይግባኙን ማን ነው ያስገባው?" አለች። ሮይስ አቀረቀረ። ወደ እኔ እያመለከተ "ባለቤቴ ትንገርዎት" አለ።

እኔም ተናገርኩ። ወለሉን፣ ፎጣውን፣ የልጅሽን የኬልሲንም ሰርግ። አዎ እህቴ፣ ኬኩ ሳይቆረስ ጥሎን ሄደ ብለሽ እንደተቀየምሽው አውቃለሁ፤ ናቀን ማለትሽንም ሰምቻለሁ። የትም አልሄደም። ከአዳራሹ ጀርባ መኪናችን ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ዓይኑ ላይ አድርጎ ተኝቶ ነበር። "ግቢና ከእህትሽ ጋር ጨፍሪ፤ ታሟል እንዳትያቸው፣ የልጅቷን ቀን አላበላሽም" አለኝ። እኔ ነኝ አውቶቡስ ተበላሽቶ ተጠራ ብዬ የዋሸሁሽ። ይቅር በይኝ።

ውሳኔው ባለፈው ሐሙስ መጣ። ያን ቀን ራሱን አሞት ወለሉ ላይ ነበር። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ በሹክሹክታ አነበብኩለት። ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ለራስ ምታት የሚሰጠውን የመጨረሻውን ከፍተኛ ደረጃ ሰጥተውታል። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ፣ በደከመ ድምፅ "ስላንቺስ ምን ይላል?" አለኝ። ገልጬ ገልጬ ስድስተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። "የባለቤቱን ምስክርነት እውነተኛና ታማኝ ሆኖ አግኝተነዋል" ይላል። "ድገሚልኝ" አለ። ደገምኩለት። ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ቨርንን ሰላም በይልኝ፣ ካፖርቱን ሳይቆልፍ አይውጣ። ለኬልሲ እውነቱን ንገሪልኝ፣ ባሏንም ሰላም በይልኝ፤ ትንሿን ልጇን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ሮይስም ሰላም ብሎሻል። አሁን በትከሻዬ በኩል ደብዳቤውን አንብቦ የሰርጉን ነገር ሰርዥው እያለኝ ነው። መንግሥት "ታማኝ ናት" ብሎ የጻፈልኝ ሴት ነኝና አልሰርዝም ብየዋለሁ።

አክባሪ እህትሽ ዴና
ኩፐር ክሪክ፣ ነብራስካ
ኦክቶበር 23 ቀን 2023