ለማታው ሰላምታህ መልስ

ለማልጠግብህ ወንድሜ፤ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? ባለፈው ማክሰኞ ማታ በራዲዮ ዜናውን ስታነብ ስለሳልክ እማዬ "ልጄን ብርድ መታው" ብላ እራቷን ሳትበላ ተኛች። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባም ከጉልበቱ በቀር ደህና ነው፤ ጉልበቱም ቢሆን የሚያመው ሥራ ሲጠራው ነው።

ደብዳቤህ ደርሶናል። የምታቀርበው የገጠር ፕሮግራም የሚሰማው የለም ተብሎ በወሩ መጨረሻ ሊዘጋ መሆኑን፣ ለዚህም የተጠቀሰው የእኛው መንደር መሆኑን ሳነብለት አባባ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። እኔም አፈርኩ። ከመናደድህ በፊት ግን አረፍ ብለህ የሆነውን ስማኝ።

ስንት ሰው እንደሚሰማችሁ ሊቆጥር የተላከው አጥኚ የተባለው ሰውዬ ቦርሳውን አንግቦ ከቤት ቤት እየዞረ "ራዲዮ አላችሁ? ትሰማላችሁ?" ሲል ነበር። ባለወፍጮው፣ መቼም ከእህል ይልቅ ወሬ መፍጨት ይቀናዋል፣ "የራዲዮ ግብር ሊጥሉብን ነው" ብሎ አስቀድሞ ስላስወራ መንደሩ በሙሉ ራዲዮውን ደበቀ። አባባም የእኛን ጎታ ውስጥ ቀብሮ "እኛ እንኳ በጊዜ ነው የምንተኛው" አለው። ሰውዬው አመስግኖ ሄደ። ራዲዮው ግን ገለባ ስለገባበት ከዚያ ወዲህ ድምፅህ ጥሬ እንደጎረሰ ሰው ነው።

ክረምት ላይ "ወንዙ ከላይ በኩል ሞልቷል፣ ከብቶቻችሁን ከዳር አንሱ" ባትለን ኖሮ በረታችን ዛሬ ባዶ ነበር። ነጋዴውም ቢሆን የከተማውን የእህል ዋጋ ካንተ መስማታችንን ካወቀ ወዲህ አደብ ገዝቷል። ይህን ሁሉ ስታደርግልን አንድም ሰው አመሰግናለሁ ብሎ አልጻፈልህም። የቤት ልጅ ይመሰገናል እንዴ?

ደብዳቤህ በደረሰን ማግስት አባባ ራዲዮውን አንጠልጥሎ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆመና "በገዛ እጃችን ጆሯችንን ልንቆርጥ ነው" አለ። ያኔ ሰው ሁሉ የየራሱን ከየጎታው፣ ከየአልጋው ሥር አወጣ። ራዲዮዎቻችንን ይዘን ተሰብስበን ከተማ፣ ሰውዬው ያለበት ቢሮ ወረድን። አባባ "ጌታዬ፣ ዋሽተንዎት ነበር" ሲለው "አሁን አለን የምትሉት ሊዘጋ መሆኑን ሰምታችሁ ነው" ብሎ አላመነንም። አይፈረድበትም። አንዴ የዋሸውን ማን ያምናል? ቢሮው ሊዘጋ ሲል፣ ያንተ ሰዓት ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ ራዲዮዋን ከፈተች፣ ሌላውም ከፈተ፣ ክፍሉን ድምፅህ ሞላው። "እንደምን አመሻችሁ" ስትል እኛም ማንም ሳያዘን፣ እንደ ወትሯችን፣ "ደህና፣ አንተስ እንደምን አመሸህ?" አልን።

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ሁልጊዜ ትመልሱለታላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። አባባም "ሰላም ያለንን ሰው ዝም ልንለው ነው?" አለው። ከዚያ አዲስ ወረቀት አውጥቶ እንደገና መጠየቅ ጀመረ። ይህ ለአለቆችህ ይበቃ እንደሆነ አላውቅም፤ እንዳይዘጉት ግን እጅግ እመኛለሁ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ትንሿን ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ አንገትህን ሸፍን ትልሃለች። ባለወፍጮውም ይቅር በለኝ ብሏል። አባባ ደግሞ "እስከ ዛሬ የመለስኩለት ሁሉ መንገድ ላይ ቀርቷልና አንዱን እንኳ በወረቀት አድርሺልኝ" ስላለ፣ ይኸው፦ ደህና አመሸን ልጄ። አንተስ?

ታላቅ እህትህ
ከወንዙ ዳር፣ ከቤታችን
ኅዳር ፲፪ ቀን