የለተብርሃን ቅጠልና የጎረቤት ይሉኝታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከጧቱ 3 ሰዓት

ሐሰት ነው፣ ደብተሬ። የጎዳይፍ ሰፈር አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሴቶች አደይ ጽጌ (እኔን ነው!) በስተርጅና ሥር ማሽ ሆነች ሲባባሉ ከኋላቸው ተቀምጬ ሰማሁ። እርማት፦ መድኃኒት የምትሰጠው የሟች ወንድሜ ሚስት ለተብርሃን ናት። እኔ መርማሪ ነኝ። ደግሞም ሥር አይደለም፤ ቅጠል ነው።

የጤና ሹሙ አስጠርቷት ነበር። የቁርጥማት ቅባቷ መሥራቱን የተማረ ሰው መርምሮ በአማርኛ ካልጻፈላት፣ ከወሩ መጨረሻ በኋላ መስጠት ክልክል። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሰው ደጇን የሚረግጠው ለቅባቱ ነው። እሱ ከቀረ ቤቷ ጭር ይላል። ከዘመድ አማርኛ የምጽፈው እኔ ብቻ። እሺ አልኩ። ግን ያላየሁትን አልጽፍም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያላየነውን የጻፍን ቀን መዳፋችን ያብጥ ነበር።

የቅጠሉን ስም አትነግረኝም። ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይጠፋል ትላለች። በእኔው አጥር ሥር የበቀለ ቅጠል ነው፤ ስሙን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ለእሷ ስል «ቅጠል ሀ» ብዬ መዘገብኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ዓኽርያ ሰፈር። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ስድስት ሴቶች፣ ሁሉም ከአንድ ግቢ። ለሦስቱ ቅጠል በቅቤ፣ ቀይ ክር የታሰረበት ጣሳ። ለሦስቱ ጎመን በቅቤ፣ ነጭ ክር። መልኩ አንድ ነው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ አያውቁም። ለተብርሃን ጎመኑን ስትወቅጥ ፊቷ የለቅሶ ፊት። ለታመመ ሰው ጎመን መቀባት ኃጢአት ነው ትላለች። ሳይንስ ነው አልኳት። አማተበች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ስድስቱም ድነዋል! ጎመን ቁርጥማት ይፈውሳል?

አይፈውስም። አንድ ሰዓት ሙሉ መረመርኳቸው። ስድስቱን ጣሳ በአንድ ሳሕን ደባልቀው ሲታሻሹ ሰንብተዋል። ወ/ሮ ምሕረታ፣ ባለ ቀይ ክሯ፣ ምንም አላፈረችም። «ጎረቤቴ እያየችኝ ብቻዬን ልቀባ? ነውር እኮ ነው፣ አደይ!» ስወጣ ደግሞ እስከ በር ሸኝታኝ፣ ጉልበቷ እንደ ድሮው መሆኑን በሹክሹክታ ነገረችኝ። ዳንኩ ያለችው ለተብርሃን እንዳይከፋት ነው።

የሳምንት ሥራ፣ ገደል ገባ። ሻሂ እንኳ አልጠጣሁላቸውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አዲስ ዘዴ። ቅጠሉ ለሦስት የዓኽርያ ሴቶች። ጎመኑ ለሦስት የጎዳይፍ ሴቶች። በመካከላቸው ከተማው በሙሉ አለ። አይተዋወቁም። በራሴ ረካሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ይተዋወቃሉ። የዓኽርያዋ ወ/ሮ ምሕረታ ለጎዳይፏ ወ/ሮ አብረኸት የአክስት ልጅ ናት። ጎዳይፍ ለቅሶ ሆነ፤ እኔም ልደርስ ሄድኩ። ስድስቱ ሕመምተኞቼ በአንድ መደዳ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ከነጠላው ሥር ጣሳ። እየተቀባበሉ። ለቅሶ ቤት ነውና መጮኽ አልቻልኩም። ወ/ሮ አብረኸት ጭራሽ ለእኔም ጣሳ ዘረጋችልኝ። በአስመራ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች ከየት ይገኛሉ?

ከፌርማታው እስከ ቤቴ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ሁለቱም ጉልበቶቼ አብጠዋል፣ እኩል። (ለማንም አልነገርኩም፣ ደብተሬ። ለአንቺ ብቻ።) ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳያቸው ቆየሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24። ከሰዓት በኋላ

ወሰንኩ። ቀኙ ቅጠል፣ ግራው ጎመን። የእኔው ጉልበቶች። ለቅሶ አይሄዱም።

ለተብርሃን ጮኸች። «እትዬ፣ ግራሽ ምን በደለ?» ሁለቱንም በቅጠል ልትቀባኝ እንደምትሞክር ስለማውቅ ጎመኑን ራሴ ወቀጥኩ። የቱ የቱ እንደሆነ ማወቄ ጉድለት ነው። ጉድለቱንም እጽፋለሁ።

ቅጠሉ ካልሠራ አልሠራም ብዬ እንደምጽፍም ነገርኳት። ሻሂዋን አስቀመጠች። «እወ፣ እሺ። ጻፊ» አለች ቀስ ብላ። እንዲህ ስትሆን አላውቃትም። ቀጥላ ግን ቀኙን ጠበቅ አድርጌ እንዳሸው አዘዘችኝ። እኩል ነው የማሸው።

ለወሩ መጨረሻ ስድስት ቀን።

ነገ መጀመሪያ፦ ቅባት ሳልነካ የፎርቶን ዳገት እወጣለሁ፣ የት የት እንደቆምኩ እመዘግባለሁ። ከዚያ ሁለቱን ጉልበት በልብስ ሰፊ ሜትሮ መለካት። ቀኙን መቀባት። እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ሁለት ጊዜ። ግራውን መቀባት። የውጭውን በር መቀርቀር፣ ጎረቤት እንዳይገባ። በጉልበቶቼ መካከል ትራስ፣ ጋደም ስል እንዳይተዛዘኑ።