ከረሜላ አታሳዪያት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለምንታምር፣ ዲላ

እታለሜ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው፤ ብርዱ በረታበት ወይስ ጋብ አለልሽ? የጋሼ ያዕቆብ ሳልስ ተሻላቸው? ልጅሽ ዮፍታሄ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? ልጄ ቃልኪዳኔስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካሌ ደኅና ነኝ። አሁንም እዚያው አቶ አሰግድ ሆቴል ወጥ እሠራለሁ። በልቤም ደኅና ነኝ ብልሽ ግን ውሸት ነው፤ እሑድ በስልክ ካወራን ወዲህ ያልሽኝን እያሰላሰልኩ አድራለሁ።

ስልክ ላይ አንቺ ቶሎ ትቆጪያለሽ፣ እኔ ቶሎ አለቅሳለሁ፣ ነገሩ ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጻፍኩት። ወረቀቱን የሚያደርስልሽ ጎልቻ ይባላል። ጭነት መኪና ይዞ በየሳምንቱ በዲላ የሚያልፍ፣ እኛ ዘንድ የሚመገብ የታመነ ሰው ነው። ሻይ ሳታጠጪ እንዳትሸኚው።

ልጄን በገብርኤል ማግስት አመጣታለሁ ስላልሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚህ ኬንያ ትምህርት የሚከፈተው በገና ሰሞን ነው፤ ቦታ ይዤላታለሁ። ግን አንድ ነገር ጨመርሽበት። «ሞያሌ ስንደርስ አንቺ ከረሜላ ልግዛልሽ ብለሽ ወደ ሱቅ ውሰጃት፣ እኔ ያኔ ሹልክ እላለሁ፣ እያየችኝ ከሄድኩ ትታመማለች» አልሽ። እታለሜ፣ ይህን ነገር ከአራት ዓመት በፊት ሰምቼዋለሁ። ዲላ መናኸሪያ ቆመን ያልሽኝ ይኸንኑ ነበር። ሦስት ዓመቷ ነበር። አንቺ እጇን ይዘሽ ከረሜላ ልትገዢላት ሄድሽ፣ እኔ አውቶብስ ውስጥ ገባሁ። አንቺ መከርሽ፣ እኔ እሺ አልኩ። ጥፋቱን እንካፈለው፤ ትልቁን ድርሻ እኔ እወስዳለሁ።

ባለፈው ዓመት ልታመጫት ሞክረሽ ከያቤሎ ስትመለሺ ደግሞ ምን አልሽኝ? ልጅሽ እልኸኛ ናት፣ ጉዞ አትችልም፣ ከረሜላ ብሰጣት ወረወረችው፣ ሙዝ ልገዛ ብወርድ አውቶብሱን በጩኸት አናጋችው አልሽ። ምኑ ነው የገረመሽ? ልጅቱ የምታውቀው ከረሜላ ሲገዛ ሰው እንደሚጠፋ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? አንቺ ግን ጠባይዋ ነው ብለሽ ለጎረቤት ሁሉ አወራሽባት። ይህ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ለምን ራሷ መጥታ አትወስዳትም እንደምትይ አውቃለሁ። አቶ አሰግድ ሦስት ቀን ከጠፋሽ ሌላ ሴት እቀጥራለሁ ብለውኛል፤ ቀልድ አያውቁም። ይህ አንዱ ነው። ሌላውን ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ እፈራለሁ። በዚያው መናኸሪያ እጄን ስዘረጋላት ከቀሚስሽ ኋላ ብትደበቅ ምን እሆናለሁ? እማዬ የምትለው አንቺን ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ስላሳደግሽልኝም አመሰግንሻለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

በጥቅምት ሻሮን የምትባል ሴት ሦስት ልጆች ይዛ ወደ ናይሮቢ ስትሄድ እኛ ሆቴል ምሳ በላች። ወደ መጸዳጃ ልትሄድ ስትነሣ፣ እኔ ልጆቹ ሳያዩ ትሾልካለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጎንበስ ብላ የት እንደምትሄድ ነገረቻቸው። ናሩዲ አለች፤ እመለሳለሁ ማለቷ ነው። ሌሶዋን፣ ያንን የዚህ አገር ሴቶች የሚያገለድሙትን ጨርቅ፣ ፈትታ ለትንሹ አስጨበጠችው። ልጁ ትንሽ ተነጫነጨ፤ ከዚያ ሌሶውን አቅፎ ድንቹን መብላቱን ቀጠለ። ተመልሳ መጣች። ሌላ ምንም አልነበረም። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ፣ ሽንኩርቱ ነው እያልኩ አለቀስኩ። ይህን ያህል ቀላል ኖሯል።

ስለዚህ ዛሬ እንደ ታናሽ ሳይሆን እንደ እናቷ ልዘዝሽ። የት እንደምትሄድ ከሁለት ቀን በፊት ንገሪያት፤ ከእንቅልፏ አንጠልጥለሽ አትውሰጃት። ለራሷ ወንበር ቁረጪላትና ቲኬቶቹን እሷ ትያዛቸው፤ የአንቺም ቲኬት በእጇ ከሆነ ጥለሻት እንደማትሄጂ ታውቃለች። ከፊት በኩል ተቀመጡ፤ ከኋላ ጎማው ላይ አንጀቷ ይገለበጣል። ወተት አታጠጫት። ዳቦ ቆሎና ውኃ ይበቃታል፤ ሎሚም እያሸተተች ትሂድ። መስኮቱን ክፈቺላት። ንፋስ መታን ብለው የሚጮኹ አይጠፉም፤ ብታስታውክባቸው ይሻላቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው። ከያቤሎ ወዲህ መንገዱ ዳርና ዳር ኩይሳ ነው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አለ። ታስቆጥሪያታለሽ። መቶ ሲሞላላት እንደገና ከአንድ ትጀምር፤ ሲሰለቻት ግመል ትቁጠር። ደረስን፣ ደረስን እያልሽ አትዋሻት። ሜጋ ቀርቶናል፣ ከሜጋ በኋላ ሞያሌ ነው በያት። ከመኪና ስትወርጂ አብራሽ ትውረድ። ከተኛች ወይም እምቢ ካለች ነጠላሽን ስጫት፤ ያለ ነጠላ ከደጅ እንደማትወጪ አገር ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ከረሜላ ግን አታሳዪያት።

እኔ ወደ ኢትዮጵያው በኩል ተሻግሬ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ሂጂ እናትሽን ሳሚ ብለሽ አትግፊያት፤ በራሷ ጊዜ ትምጣ።

ሁለት ቀን ትሰነብቻለሽ። ስትመለሺ ቃልኪዳን ትሸኝሽ። እሄዳለሁ በያት፣ ሳሚያት፣ እያየችሽ ግቢ፣ በመስኮት እጅሽን አውለብልቢላት። ታለቅሳለች። መሬት ላይ ትንከባለል ይሆናል፣ እኔንም ትቧጭረኝ ይሆናል። ትቧጭረኝ። ዓመት ሙሉ ባታናግረኝም እችለዋለሁ። እማዬ ሄደች ትበል እንጂ ሁለተኛ ጠፋችብኝ አትበል። የጻፍኩትን ሁሉ ብትተዪ ይህን እንዳትተዪ። ይህን የማትችይ ከሆነ ግን አታምጫት፤ አንቺው ዘንድ ትደግ።

ጋሼ ያዕቆብን በአክብሮት ሰላም በይልኝ፤ ለሳላቸው ማር በጎልቻ ልኬያለሁ። ዮፍታሄን ሳሚልኝ። እሱም እህቱ ናት የምትሄድበት፤ ለእሱም አስቀድመሽ ንገሪው። ደጃችሁን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ለቃልኪዳን ምን ብዬ ሰላምታ እንደምልክ አላውቅም። እታለሜ፣ አንቺም የማታውቂው ነገር አለ። ያን ቀን ከሱቅ ስትመለሱ አውቶብሱ ሄዷል ብለሽ ነበር ያሰብሽው። አልሄደም ነበር፤ ከሌሎቹ አውቶብሶች ኋላ ቆሞ ነበር። ከረሜላዋን ሳትልጥ በሁለት እጇ ይዛ ዞር ዞር ስትል በመስኮት አየኋት። መውረድ እችል ነበር። አንገቴን ደፍቼ ከወንበሩ ኋላ ተደበቅሁ። አንቺ አትንገሪያት፤ እኔው ፊቷ ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ። ለአሁኑ ጉንጯን ሳሚልኝ ብቻ።

ታናሽ እህትሽ የሺ
ሞያሌ፣ ኬንያ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.