የሕፃናት አትክልት ቦታ

ሰኞ
ልጄ ሰሎሜ ዛሬም አላናገረችኝም። ትናንት በሰበካ ጉባኤው፣ ፊደል የማስተምርባቸው ዛፎች ተቈርጠው በቦታቸው ኪንደርጋርተን ይሠራ የሚል አሳብ ቀረበ። እኔም ተነሥቼ፣ «ይህ የእንግሊዝ ንግድ ነው፤ ስሙም ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም» አልሁ። አረጋውያኑ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ውሳኔው ሐሙስ ነው። ሕፃናት ማስተማርን የተማረችውና በዚያ ለመቀጠር የምትጠብቀው ግን ሰሎሜ ናት።

ማክሰኞ
ቁርሴን አቅርባ አልሄደችም፤ ቆመች። «አባባ፣ በትርጓሜ ቤት ሥሩን ያልመረመሩትን ቃል መንቀፍ ነውር ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ። መምህሬ ሳይመረምር የሚነቅፈውን ደቀ መዝሙር ከጉባኤ ያስነሡት ነበር።

ረቡዕ፣ ጾም
ከጸሎት በኋላ ወደ ኢምፔሪያል ሰፈር ወርጄ አቶ ዮናስን ጠየቅሁ። ጀርመን አገር የተማረ፣ ዛሬ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ምእመን ነው። ሳቀብኝ።
«መሪጌታ፣ እንግሊዝኛ መቼ ሆነና። የጀርመን ቃል ነው። እንግሊዞቹ እንዳለ ወስደው አስቀሩት፤ የእኔ ጎረቤት ሙቀጫ እንደሚዋሰው።»
ኪንደር ሕፃናት፣ ጋርተን አትክልት ቦታ ማለት ነው አለኝ። ቃሉን ያወጣው መምህር ሕፃን እንደ ተክል በእንክብካቤ ያድጋል ባይ ነበርና፣ ልጆቹ የሚኮተኩቱት መደብ ሰጥቷቸው ነበር። በታክሲ ስመለስ ልቤ ተከፈለ። ቃሌን ባጥፍ ዛፎቹን አጣለሁ፤ ዝም ብል ልጄን።

ሐሙስ
በጉባኤው ተነሣሁ። «ሥሩን ሳልጠይቅ ነቅፌአለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ትምህርት ቤቱ ይከፈት። ነገር ግን ቃሉ የሕፃናት አትክልት ቦታ ማለት ነውና ዛፎቹን አንንቀል።»
ሊቀ መንበሩ፣ «እሑድ ከለከሉን፤ ዛሬ ደግሞ አትክልተኛ ሊያደርጉን ነው» ቢሉ ጉባኤው ሳቀ። ቀጥሎ ግን ክርክሩ ጦፈ። ያለ ቦታ ግንብ አይቆምም የሚሉ በረከቱ። ያን ጊዜ ሰሎሜ ከኋላ ተነሥታ፣ ክፍሎቹ በመኪና ማቆሚያው በኩል ይሠሩ፣ ልጆቹም ከዛፎቹ ሥር ፊደልም ይቍጠሩ ጎመንም ይትከሉ አለች። መኪና ያላቸው አጕረመረሙ።
ትምህርት ቤቱ ጸደቀ፤ የሚሠራበት ቦታ ግን ገና አልተወሰነም። ማቆሚያው ይበቃ እንደ ሆነ ነገ መሐንዲስ መጥቶ ይለካል። ስንወጣ ሰሎሜ ክንዴን ያዘች።
«አባባ፣ ነገ በጧት እንምጣ፤ መኪኖቹ ሳይገቡ ማቆሚያውን ባዶውን እናስለካው።»