ከበር ላይ የተጠራ ስም

ለውድ ታላቅ እህቴ ለፔጊን፣

ይህች ወረቀት ስትደርስሽ በሁለት እግርሽ ቆመሽ ታግኝሽ። ያ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ የሰጠሽ ቅባት ጠቀመሽ ወይስ እንደ እናታችን በበግ ሞራ እያሸሽው ነው? የባለቤትሽ የፍራንክ ሳልስ ተወው? እናንተ አገር ሙቀቱ ሊበርድ ነው ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እኛ ዘንድ ነፋሱ ገና ጥርሱን አላወለቀም። እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ደህና ነኝ። ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል ጀምረዋል፤ ጣሪያውም ይኸን ክረምት ችሎ አሳልፎናል። አምላክ የተመሰገነ ይሁን።

የልጄ የስቲዮፋን ሚስት ግሮንያ ወለደች። ወንድ ነው። ስልክ ልደውልልሽ አስቤ ነበር፤ ግን ፖስታ ቤት ቆሜ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጆሮውን አቅንቶ እየሰማኝ፣ ይህን ልነግርሽ አልችልም። ልጁ እንደ ረጠበ ድመት ጸጉሩ ተለጥፏል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጥሬ ደግሜ ቆጠርኳቸው። እኔም ወልጃለሁ፤ ግን ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩና ሥራ እንጂ ተአምር አልታየኝም። ዓይኑን ሲከፍት ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን፤ ዝም በሉ ያለን ሰው ግን አልነበረም።

ስሙን ኦራን ሊሉት ነው።

እዚህ ስትደርሺ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እንደምታስቀምጪ አውቃለሁ። እኔም ስሰማ ድስቱን አስቀምጬ ወደ ዶሮዎቹ ወጣሁ።

ስቲዮፋን ስሙን ከእኔ አልሰማውም። እኔ ልጄ ፊት «ያ ወንድሜ» ከማለት አልፌ አላውቅም። የሰማው ከውሃው ማዶ ካለው ጎረቤታችን ከባርትላ ነው፣ መረብ አብረው ሲጠግኑ። ወንድማችን ከባሕር ሳይመለስ የቀረ ዕለት፣ እናታችን ከዚህ በር ላይ ቆማ ወደ ውሃው ስትጣራ፣ ድምጿ እስኪዘጋ ስትጣራ፣ አንቺ አጠገቧ ነበርሽ። በኋላም «መልስ ያጣ ስም ከዚህ በር ዳግመኛ አይጠራም» ብላ ሻሿን አጥብቃ ስትገባ አይተሻል። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። ጋዜጣ አምጣልኝ ብዬ በታንኳ የላክሁት እኔ ነኝና ወደ ፊት መውጣት አልቻልኩም። ማንም «በአንቺ ነው» አላለኝም። እናታችን እንኳ እስክትሞት አንድ ቀን አላለችኝም። ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር ይሆናል።

ልጆቹ ግን በስሙ ተስማምተው በአጻጻፉ ተጣሉ። ግሮንያ የከተማ ልጅ ሆና ሳለ በድሮው፣ በአገራችን ቋንቋ፣ በስድስቱ ፊደል ይጻፍ አለች፤ መሃል ያሉት ሁለቱ ድምፅ በማይሰጡበት። ስቲዮፋን በአራት፣ እንግሊዞች እንደሚጽፉት ይሁን አለ። «ይኸ ልጅ እንደኛው ሎንዶን መሄዱ አይቀርም። በስድስት ከጻፍነው ስሙን ሲያስረዳ ጡረታው ይደርሳል» አላት። «አንተን ስቲቭ ሲሉህ አቤት ስትል አልነበር?» አለችው። እሱም «ደመወዜን እስከከፈሉኝ ድረስ ማርያም ቢሉኝም አቤት እላለሁ» አለና አልጋ ላይ እንዳለች አሳቃት። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «እማ፣ የመጽሐፍ ሰው አንቺ ነሽ፤ ፍረጂን» አለኝ ስቲዮፋን።

ምን ልፍረድ? ያን ስም ማን እንዳስተማረኝ ታውቂያለሽ። እኔ ለቤት ሥራ ስቀር፣ እሱ ከትምህርት ቤት ተመልሶ፣ ባሕሩ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ በመቅዘፊያው ጫፍ ይጽፍልኝ ነበር። መጀመሪያ የጻፈልኝ የገዛ ስሙን ነው፣ ስድስቱንም ፊደል። «እነዚህ ሁለቱ ምን ይሠራሉ?» ስለው «እንዳንቺ ናቸው፤ አሉ፣ ግን አይናገሩም» ብሎ ቀለደብኝ። ውሃው መጥቶ ሲያጠፋው ደግሜ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ሁሉ፣ ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ሌሊቱን የሚያሳጥርልኝ መጽሐፍ ሁሉ፣ ከዚያ አሸዋ የመጣ ነው። ለልጆቹ ግን «እኔ አላውቅም» አልኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ግሮንያ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆመች። ባርትላ አንድ ነገር ነግሯት ኖሯል፤ የዚህ አገር ሰው ስም የሚመርጠው በጆሮው ነው፣ ከበር ላይ ጠርተውት ውሃውን ካልተሻገረ ስም አይባልም ብሎ። «እማማ፣ እርስዎ ይጥሩት» አለችኝ። «የኔ የከተማ ጉሮሮ ነው፣ ከአጥሩ አያልፍም። ስንሰማው የቱ አጻጻፍ እንደሚመጥነው እናውቃለን።» የእናታችንን ክልከላ አውቃ ይሁን ሳታውቅ እስካሁን አልጠየቅኋትም። ልጁን አየሁት። እሱም ስም አልባ ሆኖ አየኝ። እኔ እንቢ ብል በሌላ ይሰየማል፤ ያ ስም ከእኔና ከአንቺ ጋር መቃብር ይወርዳል።

ጠራሁት፣ ፔጊን።

ከአፌ የወጣው የኔ ድምፅ አልነበረም፤ የእናታችን ነው። የት ተቀምጦ እንደቆየ እንጃ። ባሕሩ ሞልቶ እንደ መስተዋት ተኝቶ ነበርና ስሙ በላዩ ላይ ሄደ፤ ማዶ ካለው ኮረብታ ደርሶ እስኪመለስ ቆሜ ሰማሁት። ያን ጊዜ ስንት አፍ እንደተሻገረ አሰብኩ። አያቶቻችን ፊደል አልቆጠሩም። ይኸን ስም ከጎረቤት በገል እንደሚወሰድ ፍም ካፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉ፣ በረሃብ ዘመን ሳይቀር ሳያጠፉት እዚህ አደረሱት። እኔ ግን አመድ አልብሼ ላስቀረው ነበር።

ወዲያው የባርትላ በር ተከፈተ። ሸሚዙን ሳይቆልፍ፣ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ፣ እስከ ውሃው ዳር ወርዶ ቆመ። ታንኳው በጠፋበት በዚያ ቀን ከወንድማችን ከኦራን ጋር ሊቀዝፍ ቀጠሮ ይዞ እንቅልፍ የጣለው እሱ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሚስት ሳያገባ፣ በቀልድ ተሸፍኖ አረጀ። ብስክሌቱን ይዞ በመንገዱ ዞሮ መጣና፣ ደህና አደራችሁ ሳይል፣ ሳሙናው ጉንጩ ላይ ደርቆ፣ ልጁ ላይ አጎነበሰ። ብዙ አየው። ከዚያ «ምነው ጃል፣ ብዙ ቆየህ» አለው። «ጋዜጣውስ?»

ስቲዮፋን ደንግጦ እኔን አየኝ። እኔ ግን ሳቅሁ። እንደዚያ ስቄ የማውቅ አይመስለኝም፤ በሩን ተደግፌ ሳቅሁ። ባርትላም ሳቀ፣ ሳሙናው እየተሰነጠቀ ረገፈ። ሁለታችንም እያለቀስን እንደነበር ያወቅነው ግሮንያ ፎጣ ስትሰጠን ነው።

ከዚያ እርሳስ ጠየቅኋት። ስድስቱንም ፊደል ጻፍኳቸው። ስቲዮፋን አንገቱን አስግጎ «ዝም ባዮቹ ሁለቱም መጡ?» አለ። ባርትላ «ተዋቸው አንተ፤ የልጁን ወተት አይሻሙት» አለው። አርብ ዕለት ስቲዮፋን ሄዶ እንደጻፍኩት አስመዘገበው። አሁን ይህን ስጽፍልሽ ልጁ አጠገቤ ተኝቷል። እስትንፋሱን እሰማለሁ። ስሙን በሹክሹክታ ስጠራው ቅንድቡን ያነሳል፤ እኔም ደግሜ እጠራዋለሁ።

የሚጠመቀው በትንሣኤ ዕለት ነው። አንቺም ያን ስም እንዳልጠራሽው አውቃለሁ። እባክሽ በዚያ ቀን በርሽ ላይ ቆመሽ ጮክ ብለሽ ጥሪው። ጎረቤቶችሽ ውሻ ጠፋባት ቢሉ ይበሉ። እኛ በዚህ በኩል አቤት እንላለን።

ፍራንክን የሳሉን መድኃኒት አትርሳ በይው። ልጅሽን ሞራን ጉንጯን ስሚልኝ፤ የላከችው ሹራብ ለግሮንያ ልክ ሆኗል። የልጅ ልጅሽን ትንሹን ፓትሪክን የአያትህ እህት የልጅ ልጅ ተወልዷል፣ አሁን ታላቅ ሆነሃል በይው። ስቲዮፋንና ግሮንያ እጅ ነስተዋል። ባርትላ «ለዚያች ለባለ ቀይ ጸጉሯ ፔጊን፣ አሁንም አላገባሁም ብላችሁ ንገሩልኝ» ብሏል። ኦራንም በእንቅልፉ ሰላም ብሎሻል።

ታናሽ እህትሽ ሺቤል
ካላ ሩዋ፣ ኮነማራ
የሆሳዕና ዕለት፣ ማርች 23 ቀን 1986